ስስ ልብስ ላይ የወደቀ ምግብ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሐር፣ ሱፍ፣ ቺፎን፣ ቪስኮስና ዳንቴል ላይ ስለወደቀ ምግብ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብሰብ አድርገናቸዋል። ከደብዳቤዎቹ እንደተረዳነው ብዙው ልብስ የተበላሸው ምግቡ ከነካው በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች፣ በሙቅ ውሃና በፍትጊያ ነው። ስለዚህ የሚደረገውን ከነምክንያቱ ጽፈናል። ምክንያቱን የያዘ ሰው እዚህ ያልተጠቀሰ ምግብ ቢፈስበትም መላው አይጠፋውም።

ጥያቄ፦ የሐር ሸሚዜ ላይ የሰላጣ ዘይት ጠብ አለብኝና ወዲያው በውሃና በሳሙና አሸሁት። ዘይቱ ለቀቀ፤ ሲደርቅ ግን ቦታው ነጣ ብሎ ሸካራ መስሏል። የሳሙና ቅሪት ነው? ምን ላድርገው?

መልስ፦ የሳሙና ቅሪት ቢሆን ኖሮ በማለቅለቅ ይለቅልዎ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሐር ሲርስ አቅሙ ይቀንሳል። በዚያ ሰዓት ከታሸ የክሩ ገጽ ይላጥና በጣም ቀጫጭን ጭራዎች ይነሡበታል። ሸሚዙን መስኮት አጠገብ ወስደው ጋደል አድርገው ይዩት፤ ከያንዳንዱ ክር ላይ ጸጉር መሳይ ነገር ብድግ ብሎ ይታያል። ብርሃን እነዚህ ላይ ሲበታተን ቦታው የነጣ ይመስላል እንጂ ቀለሙ የትም አልሄደም። የተላጠን ክር መልሶ ማለስለስ አይቻልም። ሙያው ያላቸው ላውንደሪዎች በስሱ ዘይት በመቀባት ጉዳቱ ጎልቶ እንዳይታይ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ እሱም መሸፈን ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ግን ዘይት ከሐር ላይ የሚለቀው እንዲህ ነው። ውሃ አያስነኩት። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዘይቱን የሚመጥጥ ደረቅ ነገር ነው፤ ጨርቁ ከረጠበ ግን ዱቄቱ ሊጥ ይሆንና ምንም አይመጥም። ሸሚዙን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተው ከእድፉ ሥር ነጭ ሶፍት ያንጥፉ፤ ከላይም ሌላ ሶፍት ጣል አድርገው በመዳፍዎ ይጫኑት። ከዚያ የበቆሎ ስታርች ወይም ሽታና ቀለም የሌለው ታልክ ፓውደር ጨርቁ እስከማይታይ ድረስ ያልብሱት። ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ከቻሉ ሌሊቱን ይተዉት። ዱቄቱ ጠቆር ብሎ ከተጣበቀ ዘይት እየመጠጠ ነው ማለት ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው አዲስ ይጨምሩበት። የመጨረሻው ዱቄት እንደነሰነሱት ነጭ ሆኖ እስኪራገፍ ይደጋግሙ።

ሸሚዙ በእጅ መታጠብ እንደሚችል መለያው ላይ ከተገለጸ፣ ለተረፈው ዘይት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በ1 ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ይበጥብጡ። ሸሚዙን ገልብጠው እድፉን ነጭ ፎጣ ላይ በፊቱ ያስተኙ፤ ብጥብጡን በጥጥ ነክረው ከጀርባው በኩል መታ መታ ያድርጉት። ዘይቱ የገባበትን መንገድ ተመልሶ ወደ ፎጣው ይወጣል። ፎጣውን በየጊዜው ወደ ንጹሕ ቦታ ያንሸራትቱት፤ አለዚያ ያወጡትን ዘይት መልሰው ያትሙበታል። ከዚያ ሸሚዙን በሙሉ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ውሃ ያለቅልቁት፤ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ይጨምሩ። አቼቶው የሳሙናውን ቅሪት ያነሣል፣ የሐሩንም ወዝ ይመልሳል። ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ያስመጥጡና ጥላ ውስጥ ያስጡት።

ካውያ ከማስነካትዎ በፊት የደረቀውን ልብስ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት። ጠቆር ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ዘይት ቀርቶበታልና ካውያው ይቆይ። ዘይት ሲሞቅና ከአየር ጋር ሲከርም ይጠነክራል፣ ይወይባልም፤ እዚያ ደረጃ የደረሰ እድፍ ዱቄት አይሰማውም። ያንን ለደረቅ እጥበት መስጠት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ክሬም ቀለም ያለው የሐር ቀሚሴ ላይ ትንሽ ሾርባ ተረጨበት። ቦታውን ብቻ በውሃ አጠብኩት። እድፉ ሄደ፤ ዙሪያውን ግን የካርታ መስመር የመሰለ ክብ ቀረበት።

መልስ፦ መስመሩን የሠራው ውሃው ነው። ውሃ በጨርቅ ውስጥ ሲሰራጭ ማለስለሻውን፣ ያልያዘውን ቀለምና የአቧራውን ብናኝ እየገፋ እስከ እርጥበቱ ዳር ድረስ ይወስዳል። ዳሩ ላይ ሲደርቅ የያዘውን ሁሉ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ቀሚሱ መታጠብ የሚችል ከሆነ ሙሉውን ማጠብ መስመሩን ያጠፋዋል። ሙሉውን ማጠብ ካልተቻለ ደግሞ መስመሩ ያለበትን ቁራጭ ከስፌት እስከ ስፌት በሚረጭ ጠርሙስ እኩል ያርጥቡት። አሁንም ዳር ይኖረዋል፤ ግን ዳሩ ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። የተጣራ ውሃ መጠቀሙ ይመረጣል፤ ኖራማ ውሃ የራሱን ነጭ ቅሪት ይተዋል።

ለወደፊቱ ትንሽ ቦታ ብቻ ማርጠብ ግድ ሲሆን፣ ሥራው እንዳለቀ እርጥበቱን በደረቅ ነጭ ጨርቅ ከመሀል ወደ ውጭ እየነኩ ያሳሱት። መሀሉ እርጥብ፣ ዳሩ እርጥብም ደረቅም የማይባል መሆን አለበት። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያውን ቀዝቃዛው ላይ አድርገው ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት እያወዛወዙ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ ቀይ ወይን ነጭ የሐር ልብስ ላይ ሲፈስ ጨው መነስነስ ልክ ነው? እኔ ሳሙና ስቀባው ደግሞ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ተለወጠብኝ።

መልስ፦ ጨው ፈሳሽ እንደሚመጥጥ እውነት ነው፤ ነጭ ፎጣ ግን ይበልጠዋል። የጨው ቅንጣት ጫን ሲሉት ሐሩን ይቧጭራል፣ ሟሙቶ ሲቀርም ሐርን ያደክማል። ለሐር ጨው አንመክርም።

ያዩት የቀለም ለውጥ ደግሞ ጠቃሚ ምልክት ነው። የቀይ ወይንና የቤሪ ፍሬዎች ቀለም አሲድ ሲያገኝ ይቀላል፤ እንደ ብዙው ደረቅ ሳሙና አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) የሆነ ነገር ሲያገኝ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ይሄዳል። በዚያ ላይ ወይን፣ ሻይና ቡና ታኒን የሚባል ከዕፅዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር አለባቸው፤ ታኒንን ደረቅ ሳሙና ያጣብቀዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ወይኑን በነጭ ጨርቅ እየተጫኑ ያስመጥጡ፤ ጨርቁ ምንም እስከማይወስድ ይቀጥሉ። ከዚያ ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ያሳልፉበት። የተረፈውን 1 እጅ ነጭ አቼቶ ከ2 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው በጥጥ መታ መታ ያድርጉት፣ 5 ደቂቃ ቆይተው ያለቅልቁ። ቀጥሎ ለሐርና ለሱፍ በተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት።

ጥላው ከቀረ፣ ልብሱም ነጭ ከሆነ ብቻ፣ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከእኩል ውሃ ጋር ይቀላቅሉ። አስቀድመው ግን ይሞክሩት፤ የውስጥ ስፌት ትርፍ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርገው 10 ደቂቃ ይጠብቁና በነጭ ጥጥ ይጫኑት። ጥጡ ንጹሕ ከሆነ፣ ጨርቁም ካልተለወጠ እድፉን ያርሱበት፤ በየ5 ደቂቃው እያዩ ከ30 ደቂቃ አያሳልፉት። አቼቶውን በደንብ ሳያለቀልቁ ፐርኦክሳይዱን አይጨምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚያቃጥል አሲድ ይፈጥራሉ።

ወተት የሌለው ሻይና ቡናም በዚሁ መንገድ ይለቃል። ወተት ካለበት በመጀመሪያ ወተቱን በቀዝቃዛ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ያውጡ፤ አቼቶው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ነጭ ስለሆነ ትንሽ በረኪና ጠብ ባደርግበትስ?

መልስ፦ ሐርና ሱፍ ላይ በፍጹም። ሁለቱም ከእንስሳ የተገኙ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በረኪና ፕሮቲንን ይበላል። መጀመሪያ ቢጫ ያደርገዋል፤ ያ ቢጫ ደግሞ እድፍ ስላልሆነ አይለቅም። ከቆየበት ክሩ እየሟሟ ጨርቁ ይበሳል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ማገናኘት ደግሞ ለልብሱ ሳይሆን ለእርስዎ ነው የሚያሰጋው፤ የሚወጣው ክሎሪን መርዘኛ ጋዝ ነው።

ጥያቄ፦ ከቪስኮስ የተሠራ ነጭ ሻርፔ ላይ እርድ ያለበት መረቅ ፈሰሰበት። ሳሙና ስቀባው ቢጫው ደም መሰለ! አበላሸሁት ይሆን?

መልስ፦ አይደንግጡ፣ አላበላሹትም። የእርድ ቢጫ ቀለም ኩርኩሚን ይባላል። አልካላይ የሆነ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይቀየራል፤ አሲድ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ቀዩ ላይ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ጠብ ቢያደርጉ ዐይንዎ እያየ ቢጫ ይሆናል። ይህ እድፉን አያወጣውም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይነግርዎታል። ካለቀለቁት በኋላም ቀይ ካለ ጨርቁ ውስጥ ሳሙና ቀርቷልና ማለቅለቁን ይቀጥሉ።

ኩርኩሚን በውሃ አይሟሟም፤ ብዙ ሰው ውሃና ሳሙና ብቻ ይዞ የሚደክመው ለዚህ ነው። በአልኮል ግን ይሟሟል። መረቅ ውስጥ ያለው እርድ ከዘይት ጋር ስለሚገባ በመጀመሪያ ለመጀመሪያው ጠያቂ በገለጽነው መንገድ ዘይቱን ያውጡ። ሻርፑ ሲደርቅ እድፉን ነጭ ፎጣ ላይ አስተኝተው 70 በመቶ አልኮል ባራሱት ጥጥ ከጀርባው ይንኩት። ጥጡ ቢጫ ይይዛል፤ ይለውጡት። ሌላው ጥጥም ቢጫ ይይዛል፤ እሱንም ይለውጡ። ስምንትና አስር ጥጥ ቢፈጅም አይሰልቹ፣ የሚለቀው በዚህ ነው። ጥጡ ነጭ ሆኖ ሲመለስ አልኮሉ የሚችለውን ጨርሷልና ያቁሙ። መስኮት መክፈት፣ ከእሳትም መራቅ እንዳይረሳ።

ለቀረው ደብዛዛ ቢጫ ፀሐይ ምርጥ መድኃኒት ነው። ኩርኩሚን ብርሃን አይችልም። ነጭ ቪስኮስ፣ ጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ ከሆነ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ 2 ወይም 3 ሰዓት ያስጡት፤ ካስፈለገ በማግሥቱ ይድገሙት። ቀለም ያለው ጨርቅ ከሆነ ፀሐይ የጨርቁንም ቀለም ያደበዝዛል። ሐርና ሱፍ ደግሞ በቀጥታ ፀሐይ ይወይባሉ፣ ይደክማሉም፤ እነሱን ብርሃን በሚገባበት ክፍል ጥላ ውስጥ ለበርካታ ቀናት ማንጠልጠል ይሻላል።

ስለ ቪስኮስ አንድ ነገር እንጨምር። ሲርስ ጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል። እርጥቡን ሻርፕ ጫፉን ይዘው ከውሃ ቢስቡት ድርና ማጉ በራሱ ክብደት ሊለጠጥ ወይም ሊቀደድ ይችላል። ከሥር በሁለት እጅ አቅፈው ፎጣ ላይ ያሳርፉት።

ጥያቄ፦ ነጭ የሐር ቀሚሴን አንድ ቀን ለብሼ ላውንደሪ ሰጠሁት። ንጹሕ ሆኖ መጣ። ከወራት በኋላ ከቁም ሣጥን ሳወጣው ደረቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች አሉበት። ማንም አልነካውም። ከየት መጡ?

መልስ፦ ከለበሱበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ የማይታዩ ስለነበሩ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ነጭ ወይን ሲረጭ ይደርቅና ምንም አይመስልም። ስኳሩ ግን ክሩ ውስጥ ቀርቷል። የደረቅ እጥበት ፈሳሽ ዘይትና ቅባት ያሟሟል፤ ስኳር ግን የሚሟሟው በውሃ ነውና አይነካውም። ቀጥሎ የካውያው ሙቀትና በቁም ሣጥን ውስጥ ያለፈው ጊዜ ስኳሩን ያቀሉታል፤ ስኳር መጥበሻ ላይ መጀመሪያ ቀልጦ ቀስ እያለ እንደሚጠቁረው ማለት ነው።

ቀሚሱ በእጅ የሚታጠብ ከሆነ የሐር ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ለብ ያለ ውሃ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ገና ያልጠና ስኳር በዚህ ይለቃል። ቡናማው ከቀረ ለወይኑ የገለጽነውን ፐርኦክሳይድ ይሞክሩ። የቆየና በካውያ የተመታ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ ይህን አውቀው ቢገቡበት ይሻላል።

መጠጥ በተረጨበት ቀን ቦታውን ምልክት ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። መርፌ ቁልፍ ሐርን ይበሳልና አይጠቀሙ፤ ከቦታው አጠገብ ባለው ስፌት ላይ ባለቀለም ክር በላላው ይሰሩበት። ላውንደሪ ሲሰጡም «እዚህ ላይ ጣፋጭ መጠጥ ነክቶታል» ይበሏቸው። ከደረቁ እጥበት በፊት ቦታውን በውሃ ያክሙታል።

ጥያቄ፦ የሱፍ ሹራቤ ላይ እንቁላልና ወተት ፈሰሰ። እድፍ ይበላል በተባለ የዱቄት ሳሙና በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት። እድፉ አለ፣ ሹራቡ ደግሞ የልጅ መጠን አከለ።

መልስ፦ ሦስት ነገሮች ተደራርበውብዎታል። እንቁላል ከ60 ዲግሪ ትንሽ እንዳለፈ መርጋት ይጀምራል፤ ሙቁ ውሃ እንቁላሉን ክሩ ውስጥ ቀቅሎታል። የሱፍ ክር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለ፤ በሙቀትና በእሽታ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጨርቁ ይኮማተራል። «እድፍ ይበላል» የሚባለው ሳሙና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም አለበት፤ እንቁላሉ ፕሮቲን ነው፣ ሱፉም ፕሮቲን ነው፣ ኢንዛይሙ አይመርጥም። ደጋግሞ የነካው ሱፍና ሐር እየሳሳ ይሄዳል።

የተኮማተረውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የፀጉር ኮንዲሽነር ጨምረው 30 ደቂቃ ቢዘፈዝፉትና ፎጣ ላይ በዝግታ ቢስቡት ጥቂት ይመለሳል፤ ወደ ቀድሞ ልኩ ግን አይመለስም። ለሌላው ሹራብ፦ የደረቀውን በማንኪያ ጠርዝ ይፍቁ፤ ቦታውን በቀዝቃዛ ውሃ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ በሱፍ ሳሙና ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ይጠቡት። የማለቅለቂያው ውሃ ከማጠቢያው ጋር አንድ ዓይነት ሙቀት ይኑረው። አያንጠልጥሉት፣ ዘርግተው ያድርቁት። እድፉን እንዳለ አጥፎ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ ምግብ የነካው ሱፍ ብል ይጠራል።

ጥያቄ፦ ቸኮሌት ቺፎን ላይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ይጠንክር። ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው 20 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩትና በማንኪያ ጀርባ ያንሡት። ቀጥሎ ለዘይቱ የእቃ ሳሙና ብጥብጥ፣ በመጨረሻ ለቡናማው ጥላ የወይኑ አቼቶ። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳያሹ።

ጥያቄ፦ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዘይት ያወጣል ሲሉ ሰምቼ የኮቴን ገበር ነካሁበት። ገበሩ ደርቆ ተበሳ።

መልስ፦ ገበሩ አሲቴት ከሚባለው የጨርቅ ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የሚገኘው አሴቶን አሲቴትን እንደ ውሃ ያሟሟዋል። ገበር ብዙውን ጊዜ አሲቴት ስለሆነ ምንነቱ ያልታወቀ ገበር ላይ አሴቶን አይነካም። አልኮልም ቢሆን ለአሲቴት ከ2 እጅ ውሃ ጋር ቀጥኖ፣ ተሞክሮ ነው። የተበሳው ገበር መለወጥ ብቻ ነው ያለበት።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቤት ልሞክር፣ የትኛውን ላውንደሪ ልውሰድ?

መልስ፦ መለያውን ያንብቡ። ገንዳ ውስጥ እጅ ካለበት በእጅ ይታጠባል፤ ገንዳው ኤክስ ከተደረገበት ውሃ አይገባበትም። ኤክስ የተደረገበት ሦስት ማዕዘን ማንጫ አያስነኩ ይላል። ክብ ምልክት ለላውንደሪ ሙያተኛ ነው፤ በውስጡ ያለው ፊደል የሚታጠብበትን ፈሳሽ ይነግረዋል። ክቡም ኤክስ ካለበት ደረቅ እጥበት የተከለከለ ነው።

መለያው ቢፈቅድም ቬልቬት፣ ዶቃ ወይም ጥልፍ ያለበት፣ ብዙ ቀለም የተቀላቀለበት ሐር፣ ገበርና ውስጠ ማጠንከሪያ ያለው ልብስና ክራቫት ቤት ውስጥ ባይሞከር እንመርጣለን። ክራቫት በተለይ፤ ውስጡ ያለው ሱፍ ከላዩ ሐር ጋር እኩል ስለማይኮማተር ከታጠበ በኋላ ይጠማዘዛል።

ሲወስዱት በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ይሁን፤ የፈሰሰበት ምግብ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነና ቤት ውስጥ የሞከሩበትን ሁሉ ይንገሯቸው። ጨርቁ ውስጥ አቼቶ ወይም ሳሙና ቀርቶ ከሆነ እነሱ የሚያደርጉበት መድኃኒት ይለወጣልና አያፍሩ፣ አንዱንም አይደብቁ።